«የእኔ ሰነዶች» የማን ናቸው? ከወንጌለ ወርቅ ኅዳግ እስከ ማእከላዊው ሰርቨር

(ላፍቶ ላይ ለሕዝብ የቀረበ የታሪክ ገለጻ፤ የንግግሩ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት የታሪክ መምህር ርእስ አይመስልም። የምናገረው አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ፎልደሮች፣ ማለትም በየኮምፒውተሩ «ማይ ዶክዩመንትስ» ወይም «ዴስክቶፕ» ተብለው የሚታዩትን የሰነድ ማስቀመጫዎች፣ በአንድ ማእከላዊ ትእዛዝ ከየጠረጴዛው አንሥቶ በኔትወርክ ላይ ወዳለ ሰርቨር ስለሚያዛውርበት አሠራር ነው። ባለሙያዎቹ አሠራሩን «ፎልደር ሪዳይሬክሽን»፣ ትእዛዙ የሚተላለፍበትን መሣሪያ ደግሞ «ግሩፕ ፖሊሲ» ይሉታል። ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ መቆም የሚገባው ሌላ ሰው ነበር። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ያረጀ የመንግሥት ታሪክ ጥያቄ ነው። አንድ ሹም በሥራው ላይ ሳለ የጻፈው ጽሑፍ የሹሙ ነው ወይስ የሹመቱ? ሹሙ ሲነሣ ጽሑፉ የት ይቀራል? ቁልፉስ በማን እጅ ይሆናል?

ጥያቄው ላፍቶ ላይ ለሚኖር ሰው ሩቅ አይደለም። ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከሳሪስ እስከ ለቡ ባለው ሰፈራችን የይዞታ ጉዳይ ይዞ ወደ መስኮት የቀረበ ሰው ሁለት መልሶችን ያውቃል። አንደኛው «ማኅደሩ አልተገኘም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዛሬ ሲስተም የለም» የሚል ነው። የመጀመሪያው የወረቀት ዘመን መልስ ነው፤ ሁለተኛው የሰርቨር ዘመን መልስ ነው። ባለጉዳዩ በሁለቱም ቀን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ ዛሬ የምሞክረው ከመጀመሪያው መልስ ወደ ሁለተኛው እንዴት እንደ ደረስንና በመንገድ ላይ ምን እንደ ጣልን ማሳየት ነው።

የንጉሥ ሰፈርና የማይንቀሳቀሰው መደርደሪያ

ሰነድን ከጸሐፊው እጅ አውጥቶ ከጸሐፊው ዕድሜ በላይ በሚዘልቅ ቦታ የማኖር ልማድ በአገራችን ከኮምፒውተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታቱ በአንድ ቦታ አይቀመጡም ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ቀድሞ የሚያመለክተው የንጉሡን ሰፈር፣ ድንኳኑ የተተከለበትን ቦታ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በሚጓዝበት አገር ቤተ መዛግብት በድንኳን ውስጥ አይጸናም። ስለዚህ ንጉሡ መሬት ሲሰጥ የስጦታው ቃል በታላላቅ አድባራትና ገዳማት በሚጠበቀው የከበረ ወንጌል፣ «ወንጌለ ወርቅ» በሚባለው መጽሐፍ፣ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር።

ይህ ምርጫ ጥልቅ የአስተዳደር ብልሃት አለው። ወንጌል አይሸጥም፤ ሆን ብሎ የሚያቃጥለውም አይገኝም፤ ጦር ሲመጣ ካህናቱ ቀድመው የሚያሸሹት እርሱን ነው። ነገር ግን ጥሩ ቦታ መምረጥ ብቻውን አልበቃም። በእነዚህ የመሬት ስጦታ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግመን የምናገኛቸው ሁለት ሌሎች ነገሮች አሉ። አንደኛው የእማኞች ዝርዝር ነው፤ ስጦታው ሲሰጥ በሹመት ላይ የነበሩት ሰዎች ስም ይጻፋል። ሁለተኛው ውግዘት ነው፤ ቃሉን የለወጠ፣ የፋቀ ወይም የሻረ ሰው የሚገጥመው ቅጣት ይነገራል። በዛሬ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ የጥንቱ መዝገብ ማስቀመጫ፣ ምስክርና ክልከላ በአንድነት ነበሩት። እነዚህን ሦስቱን አስታውሱልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

ዘመናዊው የሚኒስትሮች ሥርዓት የመጣው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። የንጉሡ ማኅተምና የንጉሡ ብዕር መሥሪያ ቤት አገኙ ማለት ነው። ሆኖም መሥሪያ ቤትና መኖሪያ ቤት በአንድ ቀን አይለያዩም። በሹመት ዘመን የተጻጻፉ ደብዳቤዎች ከሹሙ ጋር ወደ ቤቱ ሲገቡ፣ ከዚያም ለልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። የታሪክ ተመራማሪ የመንግሥትን ጉዳይ ለማጥናት የግለሰብ ቤት የሚያንኳኳው ለዚህ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ስለ ገንዘብ ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ሹመትን እንደ ግል ሀብት የሚያይ አመለካከት ወረቀቱንም እንደ ግል ሀብት ያየዋል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል የቀድሞውን አስተዳደር ሥርዓትና ደንብ ሰብስበው «ዝክረ ነገር»ን በ1942 ዓ.ም. ባያሳትሙት ኖሮ ስንቱን ነገር ከየት እንደምናገኘው አስቡት። አንድ ሰው በትጋቱ የመዝገብ ቤትን ሥራ ሠራ። አንድ አገር ግን በአንድ ሰው ትጋት ላይ ሊተማመን አይገባውም። በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት መከፈቱ፣ ኋላም የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 መውጣቱ ይህንኑ ክፍተት ለመድፈን ነው።

መዋቅር ሲቀየር ወረቀት ይጓዛል

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶችን ማስተዳደር የቀበሌ ሥራ ሆነ። በዚያች ቀን የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ታሪክ ከባለቤቱ ሣጥን ወጥቶ የቀበሌው መደርደሪያ ላይ ዐረፈ። የቤት ቁጥር፣ የኪራይ ካርኒ፣ የነዋሪ መታወቂያ፣ የልደትና የሞት ጉዳይ፣ ሁሉም በዚያ መደርደሪያ ዙሪያ ተሰበሰበ።

መደርደሪያው ግን ቦታውን አልጠበቀም። ከቀበሌ በላይ «ከፍተኛ» ነበር፤ ኋላ ዞንና ወረዳ መጣ፤ በ1995 ዓ.ም. የከተማው ቻርተር በአዋጅ ቁጥር 361/1995 ሲሻሻል ደግሞ አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ንፋስ ስልክና ላፍቶ የሚሉት ሁለት ስሞች በአንድ ክፍለ ከተማ የተጣመሩትም ያኔ ነው። ቀጥሎ ቀበሌዎቹ ቀርተው ወረዳዎች ተተኩ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነ። መዋቅር በተቀየረ ቁጥር ማኅደር በጆንያና በካርቶን ተጭኖ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ይጓዛል። የሚጓዝ ወረቀት ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ቦታውን ሳይለቅ ሁሉም ሊደርስበት የሚችል መደርደሪያ የሚል ሐሳብ ሲመጣ፣ የዚህች ከተማ ሰው በደስታ መቀበሉ አያስገርምም።

ስሙ ከእኔ ዘንድ፣ ነገሩ ከሩቅ

የሐሳቡ የትውልድ ቦታ ሌላ ነው። በቀደመው ዘመን ኮምፒውተር ውድና አንድ ነበረ፤ ሰዎች በተርሚናል ይጠቀሙበት ነበር፤ ሰነዱም ከመጀመሪያው በማእከል ነበር። በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ የግል ኮምፒውተር ሲስፋፋ ሰነዱ ወደ ግለሰቡ ጠረጴዛ ወረደ። ወዲያውም መልሶ የመሰብሰብ ጥረት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1983 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው ፕሮጀክት አቴና ተማሪው በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ የራሱን ሰነድ እንዲያገኝ የታሰበ ነበር። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው የኔትወርክ ፋይል ሥርዓትም በሩቅ ያለ ፋይል በቅርብ ያለ መስሎ እንዲታይ አደረገ።

በአብዛኛው የዓለም መሥሪያ ቤት፣ በእኛም አገር፣ የተለመደው ዊንዶውስ ወደዚህ የመጣው በሁለት እርምጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 4 «ሮሚንግ ፕሮፋይል» የሚባል ተጓዥ ማኅደር ነበረው። ሠራተኛው ሲገባ ሰነዱ በሙሉ ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተሩ ይገለበጣል፤ ሲወጣ ተመልሶ ይገለበጣል። ሰነዱ በበዛ ቁጥር ጠዋት መግባት፣ ማታ መውጣት ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ 2000 ግን አክቲቭ ዳይሬክተሪንና ግሩፕ ፖሊሲን ይዞ መጣ፤ ፎልደር ሪዳይሬክሽንም ከእነርሱ ጋር ተወለደ። በዚህ አሠራር ሰነዱ አይጓዝም። አስተዳዳሪው አንድ ጊዜ ደንብ ይጽፋል፤ ሠራተኛው በስሙ ሲገባ ደንቡ ይደርሰዋል፤ «ማይ ዶክዩመንትስ» የሚለው ስም በኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ የሚያመለክተው ቦታ ግን ሰርቨሩ ላይ በሠራተኛው ስም የተከፈተ ፎልደር ይሆናል። በዊንዶውስ 2000 እንዲህ የሚዛወሩት እንደ ዴስክቶፕና ስታርት ሜኑ ያሉ ጥቂት ፎልደሮች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ 13 ደረሱ።

ከታሪክ ዐይን ሲታይ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የሰነዱ ስምና የሰነዱ ማደሪያ ተለያዩ። ሠራተኛው «የእኔ» ይላል፤ ሰነዱ በመሥሪያ ቤቱ ጎተራ ያድራል። የጽሕፈት ሚኒስቴር በዘመኑ ሁሉ ያልፈጸመውን መለያየት አንድ ደንብ ሠራተኛው ሳያውቀው በአንድ ጠዋት ይፈጽመዋል።

በእኛ አገር የገጠሙት እንቅፋቶች

ይህ መሣሪያ ወደ አገራችን ሲገባ የራሳችን ነገሮች ጠበቁት። የመጀመሪያው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የአማርኛ ፊደልና መጻፊያ ይዞ የመጣው በቪስታ ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ መሥሪያ ቤቶቻችን የጻፉት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። እነዚህ የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያሳርፉ ነበር። ስለዚህ በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የተደበላለቀ ምልክት ይሆናል። ሰነዱን ወደ ማእከል ማዛወር ይቻላል፤ ማንበቢያው ካልተዛወረ ግን የተዛወረው የታተመ ዝምታ ነው።

ሁለተኛው ስማችን ነው። የሰርቨሩ ቅጽ የግል ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፤ የአባት ስም ይከተላል፤ የቤተሰብ ስም የለንም። በአንድ መሥሪያ ቤት ስማቸውም የአባታቸውም ስም የሚገጥም ሁለት ሰዎች ማግኘት ብርቅ አይደለም። አንዱን ስም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት መጻፍም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሰውን በስሙ አያውቀውም፤ በውስጡ በሰጠው መለያ ቁጥር ያውቀዋል። የአንድ ሠራተኛ አካውንት ተሰርዞ በዚያው ስም እንደ ገና ቢከፈት፣ ለማሽኑ አዲስ ሰው መጣ፤ የቀድሞው ፎልደር በር አይከፈትለትም። ስሙ አንድ፣ ሰውየውም አንድ፣ መብቱ ግን የሌላ ይሆናል።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ያገናኘው ወረዳኔት ማእከሉን ወደ ዳር ያደረሰ ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ ሰነድን በሩቅ ማኖር ማለት መስመሩ ሲጠፋ ሰነዱን ማጣት ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒት አለው፤ የሰርቨሩ ሰነድ ግልባጭ በጠረጴዛው ኮምፒውተር ይቀመጣል፤ መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ ይታረቃሉ። ሁለት ሰዎች በዚያ መካከል አንዱን ሰነድ ለየብቻ ለውጠውት ከሆነ ግን የትኛው ይጽና የሚለውን ማሽኑ ሰውን ይጠይቃል። ጥንት ይህን የሚፈርደው እማኝ ነበር።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ቦታ ልኬት የተያዙ ቃለ ጉባኤዎችን ለጥናት ጠይቄ ነበር። የሚመለከተው ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር። ወንበሩን፣ ኮምፒውተሩንና የመሳቢያውን ቁልፍ በፊርማ አስረክቧል፤ ክሊራንሱ ንጹሕ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ለተተኪው ሲሰጥ ፎርማት ተደርጓል። የሦስት ዓመት ሥራ በግማሽ ሰዓት ጠፋ። ማንም ሕግ አልተላለፈም፤ የርክክብ ቅጹ ላይ ሰነድ የሚል መስመር አልነበረም። ፎልደሩ ወደ ሰርቨር ተዛውሮ ቢሆን ኖሮ ቃለ ጉባኤዎቹ ዛሬ በኖሩ። ስለዚህ እኔ የዚህን አሠራር ጥቅም አልክድም፤ እመክረዋለሁ።

ነገር ግን መዳን ብቻውን በቂ አይደለም። በዚህ ደንብ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ «ለተጠቃሚው ብቸኛ መብት ይሰጥ» የምትል። ምልክቷ ከመነሻው በርታ ትመጣለች። እንዳለች ከተተወች የተዛወረውን ፎልደር አስተዳዳሪው እንኳ በቀጥታ አይከፍተውም፤ ሠራተኛው ሲለቅ ሰነዱ አለ፣ በሩ ግን ተቆልፏል። ከጠፋች ደግሞ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ የሁሉንም ሠራተኛ ሥራ ሊያይ ይችላል። ሰባት መቶ ዓመት የቆየው የሹምና የሹመት ክርክር አንዲት ሣጥን ላይ በሚደረግ ምልክት ይወሰናል፤ ብዙ ጊዜም የሚወስነው ማንም ያልጠየቀው ወጣት ባለሙያ ነው። ባለሙያውን አልወቅስም። ይህ ውሳኔ የእርሱ መሆን አልነበረበትም።

ማእከል ያለ እማኝ ሲቀር የሚሆነውን ከተማችን በቅርቡ አይታለች። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ በዚያው ወር የከተማው አስተዳደር በመረጃው ላይ ማጭበርበር መገኘቱን ገልጾ ዕጣውን ሰረዘው። ያ ጉዳይ የፎልደር ጉዳይ አልነበረም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል። ብዙ ዓመት የቆጠቡ ሰዎች ተስፋ በአንድ ቦታ በተቀመጠ መረጃ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያ መረጃ ከተነካ ጉዳቱ የሁሉም ነው። በየቢሮው የተበተነ ወረቀት ሲጠፋ በየተራ ይጠፋል፤ በማእከል ያለ ሲበላሽ በአንድ ጊዜ ይበላሻል።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ እመለሳለሁ፤ ማስቀመጫ፣ ምስክር፣ ክልከላ። የማእከላዊው ደንብ የሚሰጠን የመጀመሪያውን ነው። ሁለቱን እኛ መጨመር አለብን።

ምስክርን በተመለከተ፣ ማን የትኛውን ፎልደር መቼ እንደ ከፈተና እንደ ለወጠ ሰርቨሩ መዝግቦ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ መዝገብ ግን ከአስተዳዳሪው ውጭ በሆነ ሌላ አካል ሊጠበቅ ይገባል። እማኝና ጸሐፊ አንድ ሰው ከሆኑ ምስክርነት የለም። ርክክብንም በተመለከተ፣ የክሊራንስ ቅጹ ከወንበርና ከኮምፒውተር ቀጥሎ የሠራተኛውን ፎልደር፣ የተረካቢውንም ስም ይያዝ። ሠራተኛው የግሉን ነገር የሚያኖርበት የተለየ ቦታ ይሰጠው፤ የመሥሪያ ቤቱ ፎልደር ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ብቻ ከዋለ ብቸኛ መብት የሚለው ጥያቄ ግማሹ ይፈታል። ሁለተኛ ግልባጭም በሌላ ሕንጻ ይቀመጥ፤ ሰርቨርም ይቃጠላል፣ ሰርቨርም ጎርፍ ያገኘዋል።

ክልከላን በተመለከተ ሕጉ መንገድ ጀምሯል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል ኃላፊነት እንዳለበት፣ ባለመረጃውም መብት እንዳለው ደንግጓል። ውግዘት ድሮ በእግዚአብሔር ስም ይነገር ነበር፤ ዛሬ በሕግ ስም ይነገራል። ሁለቱም የሚሠሩት ሰው ሲያውቃቸውና ሲጠይቅባቸው ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በመስኮቱ «ሲስተም የለም» የሚባል ባለጉዳይ አንድ ጥያቄ እንዲጨምር እጠይቃለሁ፤ «ሲስተሙ እስኪመለስ እጠብቃለሁ፤ ማኅደሬ ያለበትን ቦታና ኃላፊውን ግን ይንገሩኝ።»

የክፍለ ከተማችን ግማሽ ስም፣ ንፋስ ስልክ፣ ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ የነበረውን የራዲዮ ቴሌግራፍ ያስታውሰናል። አባቶቻችን ቃል በነፋስ ተጉዞ ሩቅ አገር እንደሚደርስ በዚህ ሰፈር አይተው ስም አወጡለት። የእኛ ሥራ ሌላ ነው፤ በነፋስ የሄደው ቃል ባረፈበት ቦታ ተጠብቆ፣ ሹሙ ቢነሣም፣ ሰፈሩ ቢለወጥም፣ ለባለቤቱ ሲፈለግ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ ትቻለሁ፤ በተለይ ከመዝገብ ቤት የመጣችሁ እናንተ ከእኔ የተሻለ እንደምታውቁት አምናለሁና ልሰማችሁ እፈልጋለሁ።